ለጉዲፈቻ እናትም ገንፎ ይገንፋ

በሰፈራችን ሴት ስትወልድ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ በፔርሙዝ ይሄዳል፤ አራሷ አትነሳም። ሕፃኑ በጉዲፈቻ የመጣ እንደሆነ ግን እግራችን ያጥራል። የሚሄደውም “የማን ልጅ ነው? ከየት አመጣችሁት?” ሊል ነው። ምን ይጠቅመናል? ነገ ልጁ ደጅ ሲጫወት ይህንኑ ይሰማል።

እናቲቱ አላማጠችም እንጂ እንቅልፍ የላትም። ጨቅላ በየ2 እና በየ3 ሰዓቱ መብላት ይፈልጋል፤ ሌሊትም ያው ነው። ጡት ከሌለ በእያንዳንዱ ጊዜ ውሃ ማፍላት፣ ጡጦ መቀቀል፣ የዱቄት ወተቱን በልኩ መበጥበጥ አለ። ሕፃኑ ያስተረፈው ይደፋል እንጂ ለኋላ አይቀመጥም። (6 ወር ላልሞላው የላም ወተት አቅጥናችሁ ስጡት የምትሉ እናቶች፣ እባካችሁ ተዉ!) የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባትም አለ። ፍቅሩ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ይህ የወለደችንም ያጋጥማል፣ ግን ለማን ይነገራል?

ሕጉ እንደሆነ ነገሩን ቆርጦታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ አሳዳጊው ልጅ ይቆጥረዋል። ሐሜት ግን ፍርድ ቤት አይሄድም።

ስለዚህ ገንፎውን ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃኑን አንድ ሰዓት ታቀፉላትና እሷ ትተኛ። ጡጦ በሚያጥበው አባት ላይ መሳቅም ይቅር። ከቤተሰቡ ፈቃድ ጠይቀን በተራ እንድንሄድ፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስማችሁን እንድታስመዘግቡ እናሳስባለን።