ገንቦው ታየ፣ ሠሪዋ የት አለች?

ወደ ሶዶ ሲጓዝ ቦዲቲ ላይ ወርዶ ገበያውን የጎበኘ ሰው፣ ዳር ላይ ገንቦና ጀበና ደርድረው የተቀመጡ ሴቶችን ሳያይ አይመለስም። እኔም አይቻቸዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ እነዚያኑ የመሰሉ ገንቦዎች በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዳራሽ፣ ‹‹የባህል ዐውደ ርእይ›› በተባለ ዝግጅት ላይ አገኘኋቸው። ግድግዳውን የባለሥልጣናት ፎቶግራፍና መሪ ቃል የተጻፈበት ጨርቅ ሸፍኖታል። ከየገንቦው ሥር የተለጠፈው ካርቶን ያቀረበውን ጽሕፈት ቤት ስም ይናገራል። አስጎብኚውን ‹‹የሠራችው ማን ናት?›› ብዬ ጠየቅሁት። ‹‹የሕዝባችን ባህል ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም›› አለኝ። መልሱ ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ያቺን ሴት ከነሥራዋ የዋጠ መልስ ነው።

ይህን የማነሣው የሕዝብ ጋለሪ የመንግሥትን ማኅበራዊና ባህላዊ ዓላማ ማገዝ የለበትም ለማለት አይደለም። ይገባዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 91 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ኪነ ጥበብን እንዲያስፋፋ ግዴታ ጥሎበታል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን ነጻነት አጽንቷል። አንደኛው ሌላውን እንዲያፍን አልተጻፉም። ክርክሬ ዓላማው በምን መንገድ ይታገዛል በሚለው ላይ ነው።

የእኩልነትን ጉዳይ እንውሰድ። በወላይታ ሸክላ ሠሪው ‹‹ጭናሻ››፣ ቆዳ ፋቂው ‹‹ደገላ›› እየተባለ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለል መኖሩን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ይህን ለማስቀረት ስንት ስብሰባ ተጠራ! ስንት አበል ተከፈለ! ጋለሪ ግን ያለ ንግግር ሊሠራው ይችላል፤ ገንቦውን ከሥዕሉ እኩል አቁሞ፣ የሠሪዋን ስም ከሠዓሊው ስም እኩል ጽፎ። ልጇ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጥታ የእናቷን ስም ግድግዳ ላይ ስታነብ የሚሰማትን የትኛውም መሪ ቃል አይሰጣትም። ሠሪዋን ደብቆ ገንቦውን ማሳየት መገለሉን በመንግሥት ወጪ ማደስ ነው።

ባህል በቢሮ ሲበስል ምን እንደሚከተል ወላይታ አሳምሮ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ልሳን ቀላቅሎ ‹‹ወጋጎዳ›› በሚል የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ተላከ። ሕዝቡ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በመጨረሻም መጽሐፉ ተነሣ፣ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ‹‹ይህ እናንተን ይመስላል ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ደም ሳይፈስ የሚጠየቅበት፣ መልሱም ሳይፈራ የሚሰማበት ቦታ ያስፈልጋል። ጋለሪ አንዱ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

መንግሥትን የሚጠቅመው የሚያሞግሰው ጥበብ ነው ለሚሉኝ ደግሞ ታሪክ አለኝ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር አዲስ አበባን በማርክስና በሌኒን ምስል አስጊጦ፣ የትግላችን ሐውልትን አቁሞ ነበር፤ በዚያው ወቅት ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሠዓሊው እሸቱ ጥሩነህ የወሎን ረሃብ ሰለባዎች ሥሎ ነበር። ለአገር የጠቀመው የትኛው ነው? ያስጌጠው ወይስ ያሳየው?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። እንግዲህ አዳራሽ ይሠራል፣ ባለሥልጣንም ዱንጉዛ ለብሶ ሪባን ይቆርጣል። መቀሱን ለሚይዘው ሰው ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የሚሰቀለውን የሚመርጡት ባለሙያዎች ሹም በተለወጠ ቁጥር የማይነሡ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ የሠራው እጅ ስሙ ይጻፍ፣ ዋጋውም ይከፈለው። ሦስተኛ፣ ከአንዱ ግድግዳ ላይ ትምህርቱን ጥሎ አዲስ አበባ ጫማ ሊጠርግ የሄደው የቦዲቲ ልጅ ይታይ። ሦስተኛው እንደሚያም አውቃለሁ። ሕፃናትን ከጎዳና አነሣለሁ የሚል መንግሥት ግን ያን ሥዕል ቀድሞ ሊሰቅለው የሚገባው እሱ ራሱ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በምረቃው ቀን የቦዲቲዋ ሸክላ ሠሪ በር ላይ የጥሪ ወረቀት እንዳትጠየቅ።