የድረ ገጽ መዘጋትና የማይጠበቅ ቀጠሮ

በሱቅ በር ላይ «ቆጠራ ስላለብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ያነበበ ደንበኛ፥ ዕቃውን የሚፈልገው ከሆነ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል። ተመልሶ ሲመጣ ዘጠኙ ተሰርዞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተብሎ ቢያገኘው ግን ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል፤ ከዚያም ወዲያ በዚያ በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አያምንም። ዛሬ አያሌ ድርጅቶች ትእዛዝ የሚቀበሉትና ሒሳብ የሚሰበስቡት በድረ ገጽና በስልክ መተግበሪያ ነው፤ በኢትዮጵያም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል በከተማ ነጋዴ ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ስለዚህ የበሩ ወረቀት ወደ ድረ ገጹ ተዛውሯል፤ «ለጥገና ተዘግቷል፥ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይከፈታል» የሚለው ጽሑፍም የነጋዴው የራሱ ቃል ሆኖ ይቆጠራል።

የኮምፒዩተር አገልግሎት ከቶ አይቋረጥም የሚል ሰው ሥራውን የማያውቅ ነው። ሰርቨር የሚያከራዩ ኩባንያዎች «ከመቶ 99.9 እናገለግላለን» ብለው ሲዋዋሉ፥ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ቢዘጋ ውሉ አልፈረሰም ማለታቸው ነው። ከመቶ 99 የሚል ውል ደግሞ በዓመት ከሦስት ቀን ተኩል በላይ ይፈቅዳል፤ ነጋዴው ከመፈረሙ በፊት ይህን ቢያሰላ አይከፋም። መቋረጥስ ይኖራል፤ ወቀሳ የሚገባው ያለ ማስረጃ የሚሰጠው ቀጠሮ ነው።

በዚህ ረገድ በእንግሊዝ አገር ቲ.ኤስ.ቢ. በተባለው ባንክ ላይ የደረሰው ነገር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ባንኩ ከሎይድስ ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ2015 በስፔኑ ባንኮ ሳባዴል ከተገዛ በኋላ፥ የ5 ሚሊዮን ያህል ደንበኞቹን ሒሳብ ከሎይድስ የኮምፒዩተር ሥርዐት አውጥቶ አዲሱ ባለቤት ወዳሠራው ማዛወር ነበረበት። ዝውውሩ በኖቬምበር 2017 ይፈጸማል ተብሎ ሳይደርስ ስለ ቀረ ወደ 2018 ተላለፈ። ኤፕሪል 20 ቀን ዓርብ አገልግሎቱ ሲዘጋ፥ እሑድ ማታ እንደሚከፈት ለደንበኞች ተነገረ፤ እሑድ ማታም ተከፈተ። ነገር ግን እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ወደ ሒሳባቸው መግባት ተሳናቸው፤ የሌላ ሰው ሒሳብ የተገለጠላቸውም ነበሩ። ባንኩ ወደ መደበኛ ሥራው የተመለሰው በዲሴምበር ነው፤ ሁለት ቀን የተባለው ስምንት ወር ያህል ፈጀ። በዚያው ዓመት 80,000 ደንበኞች ባንኩን ለቀቁ፥ ኪሳራውም 330 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ በዲሴምበር 2022 ደግሞ ተቈጣጣሪዎቹ መሥሪያ ቤቶች 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

በ2019 የወጣው የገለልተኛ መርማሪዎች ሪፖርት ከማሽኑ ብልሽት ይልቅ ቀጠሮው የተቈረጠበትን መንገድ ይነቅፋል። የመጀመሪያው ቀን ሲያልፍ አንዳንዱ የሥራ ክፍል እስከ ሰባት ወር ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ አዲሱ ቀጠሮ ግን የተራዘመው በአራት ወር ያህል ብቻ ነው። መጨረሻው ቀን አስቀድሞ ተወሰነና ሥራው ለቀኑ እንዲበቃ ተደርጎ ተደለደለ። ሁለት የመረጃ ማእከሎች ሳሉ ዋናው ሙከራ በአንዱ ብቻ ተካሄደ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ልምድ ያላቸው የባንክ ሰዎች መሆናቸው ያስገርማል።

ሆኖም ይህ ጠባይ የባንክ ሰዎች ብቻ አይደለም። በ1994 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፥ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ጠይቆ ነበር። በአማካይ 33.9 ቀን አሉ፤ ሁሉ ነገር እጅግ ቢበላሽስ ቢባሉ 48.6 ቀን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55.5 ቀን ነው። የክፉ ቀን ግምታቸው እንኳ አልበቃም። ሰው የሚገምተው በዐሳቡ የነደፈውን ሥራ እያየ ነው እንጂ ያለፈው ሥራው የፈጀበትን ጊዜ መለስ ብሎ ቈጥሮ አይደለም። (ለበዓል ልብስ ያሰፋ ሁሉ ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል።)

ነጋዴውም ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ባለሙያው ሦስት ወር ሲለው «ለፋሲካ አድርስልኝ» ይላል፤ ጨረታ ሲያወጣም ከሁሉ አጭር ቀን ለጻፈው ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን እውነተኛውን ጊዜ የሚናገር ባለሙያ ሥራ ያጣል፥ የሚቀሩት አዎን ባዮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተጫራቹ «በስንት ቀን ትጨርሳለህ?» ከመባሉ በፊት «ከዚህ በፊት ያስረከብካቸው ሦስት ሥራዎች በስንት ቀን ተባሉ፥ በስንት ቀንስ አለቁ?» ተብሎ ሊጠየቅ፥ መልሱም ከቀድሞ ደንበኞቹ ሊጣራ ይገባል። ለደንበኞች የሚለጠፈው ሰዓትም ባለሙያው ከነገረው የዘገየ ይሁን፤ ቀድሞ በመከፈቱ የሚቀየም ደንበኛ የለም።

በውሉም ውስጥ ከማስረከቢያው ቀን ጋር ወደ ቀድሞው ሥርዐት የመመለሻው ሰዓት ይጻፍ። ሥራው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካላለቀ፥ ባለሙያው ማንንም ሳያስፈቅድ አዲሱን ትቶ አሮጌውን ይከፍታል፤ ጠዋት የሚመጣውም ደንበኛ እንደ ወትሮው ይስተናገዳል።