ከባዱና ቀላሉ ለምን እኩል ይወድቃሉ?

ስለ ስበት ሕግ ለጎባና ለሮቤ ልጆች ማስተማር የሚሻ ሰው አስቀድሞ ወደ አውድማ ቢወርድ ይበጀዋል። የተወቃው ገብስ በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው ቁልቁል ይመጣል፤ እብቁ ግን ከነፋሱ ጋር ይነጉዳል። (ዛሬ በባሌ ሜዳ ኮምባይነር ገብቷል፤ እርሱም ቢሆን በሆዱ ውስጥ ማራገቢያ አለው።) ይህን እያየ ላደገ ልጅ መምህሩ «ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወድቃል» ብሎ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ቢያልፍ፣ ልጁ ለፈተና ይሸመድደዋል እንጂ አያምነውም። እኔም አልፈርድበትም።

እብቁን ያዘገየው አየሩ ነው። ለዚህ ምስክሩ አንድ ወረቀት ነው፤ መጀመሪያ እንደተዘረጋ፣ ቀጥሎ ተጨብጦ ይጣል። ክብደቱ ሳይለወጥ አወዳደቁ ይለወጣል። አየር በሌለባት ጨረቃ ላይማ በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ቢለቅ ሁለቱም እኩል ዐረፉ። ከጋሊልዮ አንድ ሺሕ ዓመት ያህል ቀድሞም የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ ክብደታቸው እጅግ የተራራቀ ነገሮች ከአንድ ከፍታ ሲጣሉ የጊዜ ልዩነታቸው ኢምንት መሆኑን ጽፎ ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ 10 ኪሎው ድንጋይ ከ1 ኪሎው 10 እጥፍ ይሳባል፤ ነገር ግን ለመነቃነቅ ያለው እምቢታም 10 እጥፍ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ያህል ያድጋል። 4377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ስበቱ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም ለሁለቱም እኩል ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የተማሪ ጨዋታ ብቻ ከመሰለህ፣ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ ወደ ሪራ የሚወርደውን መንገድ ተመልከት። ፍሬን ካልተያዘ፣ ቁልቁለቱ ለባዶውም ለጫነውም መኪና የሚሰጠው የፍጥነት ጭማሪ ተቀራራቢ ነው። ባዶ ነኝ ብሎ መዘናጋት እንግዲህ ከንቱ ነው። ልዩነቱ ያለው ፍሬኑ ላይ ነው፤ ክብደቱ እጥፍ የሆነ መኪና ፍጥነቱን ጠብቆ ያንኑ ቁልቁለት ሲወርድ የሚወጣው ሙቀትም እጥፍ ያህል ይሆናል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። ሹፌሩ ገና ከአምባው ጫፍ ሳለ ከባድ ማርሽ ማስገባት ያለበት ለዚህ ነው። በመንጃ ማሠልጠኛዎች ለዚህ ነገር ምክንያቱ ጭምር እየተነገረ፣ ለመንገድ ምልክቶች የሚሰጠውን ያህል ጊዜ ቢሰጠው እወዳለሁ።