«ችግር ተፈጥሯል» መልስ አይደለም

ብር ልካችሁ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ «ችግር ተፈጥሯል፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ» ይላችኋል። ብሩ ሄደ? አልሄደም? ድጋሚ ብልክ ሁለቴ ቢቆረጥስ? እኔ ይሄን መልስ ብዬ አልቆጥረውም። መልስ አሰጣጥ ማየት የሚፈልግ የላቦራቶሪ መሳሪያዎችን ይይ።

ቮልቴጅ የሚለካ መልቲሜትር ወይም ሞገድ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ከኮምፒውተር ትእዛዝ ተቀብሎ መሥራት ይችላል። የሚገናኙበት መንገድ በ1975 እ.ኤ.አ. አይ ትሪፕል ኢ 488 በሚል ስታንዳርድ ሆነ። ችግሩ ስታንዳርዱ ገመዱንና ምልክቱን እንጂ ቃላቱን አላስማማም። የአንዱ አምራች ትእዛዝ ለሌላው አምራች መሳሪያ ትርጉም አልነበረውም። ስለዚህ መሳሪያ የቀየረ ሰው ፕሮግራሙንም እንደ አዲስ ይጽፋል። ኢኮኖሚክስ ስንማር ይሄን የመቀየሪያ ወጪ እንለዋለን፤ ደንበኛን ሳይወድ በግድ አስሮ ያስቀምጣል።

በ1987 የወጣው 488.2 የጋራ ትእዛዞችንና የሁኔታ ሪፖርት አሠራርን ደነገገ። በ1990 ደግሞ ገበያ ላይ የሚፎካከሩ አምራቾች ስኪፒ በተባለ አንድ የትእዛዝ ቋንቋ ተስማሙ።

እኔን የገረመኝ ግን ትእዛዙ ሳይሆን መልሱ ነው። መሳሪያውን «ማን ነህ?» ስትሉት አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩንና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ይነግራችኋል። «ጨረስክ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁት የጀመረውን ሲጨርስ 1 ብሎ ይመልሳል። ስህተት ሲፈጠርም በዓይነቱ ይለየዋል፦ ከ-100ዎቹ ከሆነ ትእዛዙ አልገባኝም፣ ከ-200ዎቹ ገብቶኛል ግን መፈጸም አልቻልኩም፣ ከ-300ዎቹ ችግሩ እኔው ጋ ነው፣ ከ-400ዎቹ ደግሞ ጥያቄና መልሳችን ተምታቷል ማለት ነው። ስህተቶቹን እስክትጠይቁት ድረስ በተራ ይዞ ይጠብቃል። መያዣው ከሞላ ደግሞ «ሞልቶብኝ ያልመዘገብኩት አለ» የሚል የራሱ ኮድ አለው፣ -350። የማያውቀው ነገር እንዳለ እንኳን አይደብቅም!

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። «ችግር ተፈጥሯል» የሚለው መልእክት የማንን ጥፋት ነው የሚነግረን? ቁጥር ተሳስቼ ነው? ሂሳቤ አልበቃም? ኔትወርክ ነው? ሲስተሙ ነው? መረጃው በአንድ ወገን ብቻ ሲቀር ወጪው ወደ ሌላው ይዞራል። የቀን ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ቅርንጫፍ ሲሰለፍ የሚያጠፋው ግማሽ ቀን በማንም ሪፖርት ላይ አይታይም፤ ግን ወጪ ነው።

«ዝርዝር መናገር ለደህንነት አደጋ ነው» የሚሉ አሉ። የሰርቨራችሁን ሆድ ዕቃ አሳዩን አላልንም። «ተራ ሰው ኮድ አይገባውም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ኮዱ ለደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛው ይሁን፣ ለእናቴ ግን በግልጽ አማርኛ «አልተላከም፣ ብርዎ አልተነካም» ይበላት። ገና ካልታወቀም «እያጣራን ነው፣ ድጋሚ አይላኩ» ይበላት።

አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ይሄ ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ተፎካካሪ ካምፓኒዎች ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ መሳሪያ ከ30 ዓመት በፊት ተስማምተውበታል። የሰው ደሞዝ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ከዚያ ያነሰ መልስ ሊሰጥ አይገባም።