ትሪያና፦ ቆጠራውን የሚያውቁ ልጆች

«ፊውዥን» የሚባል ቃል ሰልችቶናል። አንድ ጊታሪስት መግቢያው ላይ ለሃያ ሰከንድ ያህል የአገር ቤት ዜማ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ ድራሙ ይገባና የለመድነው ሮክ ይቀጥላል፤ መጨረሻ ላይ ያቺው ዜማ ብቅ ብላ ትሰናበታለች። በቃ፤ «ባህላዊውና ዘመናዊው ተዋሐዱ» ይባላል። በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ የሄደን ሰው ቤተሰብ ሆነ እንደማለት ነው። አብሮ ሳይበላ፣ አብሮ ሳይጣላ!

ስለዚህ ዛሬ በእውነት አብሮ ስለበላና ስለተጣላ ባንድ እናውራ። ትሪያና ይባላል፤ የስፔኗ ሴቪያ ልጅ ነው (አዎ፣ በኳስ ቡድኗ የምታውቋት ሴቪያ)። የተመሠረተው በ1974 ነው፤ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን። አባላቱ ሦስት ናቸው፦ ኪቦርድ እየተጫወተ የሚዘፍነው ሔሱስ ዴ ላ ሮሳ፣ ጊታሪስቱ ኤድዋርዶ ሮድሪጌስ ሮድዌይ፣ ድራመሩ ደግሞ ሁዋን ሖሴ ፓላሲዮስ፣ ሁሉም «ቴሌ» የሚለው። የሚጫወቱት ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው፤ ያ ዘፈኑ ረዥም፣ ኪቦርዱ ብዙ፣ እንደ ፒንክ ፍሎይድና ኪንግ ክሪምሰን ያሉ እንግሊዞች የተራቀቁበት የሮክ ዓይነት። ልዩነቱ ትሪያናዎች ያደጉት ፍላሜንኮ በሚዘፈንበት ከተማ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁጠር። አብዛኛው ሮክ እስከ አራት ይቆጠራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከዚያ እንደገና። ሶሌያ የሚባለው የፍላሜንኮ ዓይነት ግን በ12 ምት ነው የሚዞረው፤ ጠንካራዎቹ ምቶችም እኩል ተራርቀው አይቀመጡም። እስቲ እስከ 12 እየቆጠራችሁ 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ አጨብጭቡ። ሦስት ሦስት እያለ ሲሄድ የነበረው ነገር ድንገት ሁለት ሁለት ይሆናል። እጃችሁ ካልተምታታ ጎበዞች ናችሁ። ይህ ዑደት ለፍላሜንኮ ሰው እንደ ጌጥ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ነው። ዘፋኙ ቢያለቅስ፣ ጊታሪስቱ ቢራቀቅ፣ ዳንሰኛዋ መሬቱን ብትደበድበው ሁሉም ተመልሰው የሚገናኙት እዚያ ቆጠራ ላይ ነው።

ትሪያናዎች ይህንን ያውቁ ነበር። «ኤል ፓቲዮ» የተባለው የመጀመሪያ አልበማቸው በ1975 ወጣ። ውስጡ «ሬኩዌርዶስ ዴ ኡና ኖቼ» የሚል ዘፈን አለ፤ «የአንድ ሌሊት ትዝታዎች» ማለት ነው። ከርዕሱ ጎን «ቡሌሪያ 5 በ8» ተብሎ ተጽፏል። ቡሌሪያ የሶሌያ ፈጣኑ ዘመድ ነው፤ እሱም በ12 ነው የሚዞረው። ልጆቹ ታዲያ ዑደቱን ወስደው በአምስት አዞሩት። የ12ቱን ቆጠራ በቅጡ ያላወቀ ሰው እንዲህ ቢያደርገው እንደ ስህተት በተሰማን ነበር። ስትሰሙት ግን ቡሌሪያነቱ አልጠፋም፤ ትንፋሽ እያጠረው የሚሮጥ ቡሌሪያ ሆነ እንጂ። እኛ ውሕደት የምንለው ይህንን ነው።

አልበሙን የሚከፍተው «አብሬ ላ ፑዌርታ» («በሩን ክፈቺ») አስር ደቂቃ ሊሞላው ጥቂት ነው የሚቀረው። ጊታሩ የፍላሜንኮን የቁልቁለት መንገድ ይዞ ይወርዳል፦ ከኤ ማይነር ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ኤፍ፣ ከዚያ ኢ ላይ ያርፋል። ያ መጨረሻ ያለቀ አይመስልም፤ እንደተንጠለጠለ ነው የሚቀረው። ሔሱስ ደግሞ የፍላሜንኮ ዘፋኝ ነው አንልም። የሮክ ዘፋኝ ነው፤ ግን አንዲትን ድምፅ እስክትሰነጠቅ ድረስ ጎትቶ ማንጎራጎር ያውቅበታል። ከእንጉርጉሮው በስተጀርባ ሜሎትሮኑ እንደ ጭጋግ ይተኛል። ከእነሱ በፊት ስማሽ የሚባሉ የዚያው ከተማ ልጆች በ1971 «ኤል ጋሮቲን»ን ሲቀዱ የፍላሜንኮ ጊታሪስቱን ማኑኤል ሞሊናን አስገብተው ነበር። በሩን የሰበሩት እነሱ ናቸው፤ ክብሩ ይገባቸዋል። እዚያ ግን ሮኩና ፍላሜንኮው ጎን ለጎን ነው የቆሙት። «ኤል ፓቲዮ» ላይ ስፌቱን ፈልጉትና ካገኛችሁት ንገሩን።

ለምን ይህን ያህል ያንገበግባችኋል ትሉ ይሆናል። ጊዜውን አስቡት። የፍራንኮ መንግሥት ፍላሜንኮን አጥቦና ተኩሶ ለቱሪስት ሲሸጠው ኖሯል፦ ነጠብጣብ ቀሚስ፣ ጆሮ ላይ አበባ፣ ፈገግታ። የድሃ ሰፈር ለቅሶ የነበረው ነገር የፖስት ካርድ ሥዕል ሆነ። በ60ዎቹና በ70ዎቹ ፀጉሩን ያስረዘመ የሴቪያ ወጣት ይህንን ሙዚቃ የአባቱና የመንግሥት ሬዲዮ ንብረት አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ሮክ ደግሞ የነፃነት ሽታ ነበረው፤ በሮታና በሞሮን ካሉት የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ሸክላ እየሾለከ ይወጣ ነበር። ትሪያናዎች ለዚያ ወጣት ያሉት በግርድፉ «ሮክህን አትጣል፤ ግን የፖስት ካርዱንም ውሸት አትመን፤ ይሄ ለቅሶ ያንተም ነው» የሚል ነው። ፍራንኮ የሞተው አልበሙ በወጣበት በ1975 ኅዳር ላይ ነው። በ1977፣ አገሪቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ነፃ ምርጫ ባካሄደችበት ዓመት፣ ሁለተኛው አልበማቸው ወጣ፤ ርዕሱ «የጭንቀት ልጆች» የሚል ነው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለንም።

«ፍላሜንኮን አበላሹት» የሚሉ ጠባቂዎች በዚያ ዘመን አልጠፉም። (ክራር ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር በታየ ቁጥር እዚህም የምንሰማት ክስ ናት፤ ዜማዋን በቃላችን እናውቃታለን።) ካማሮን ዴ ላ ኢስላ፣ ከትልልቆቹ የፍላሜንኮ ዘፋኞች አንዱ፣ በ1979 «ላ ሌየንዳ ዴል ቲዬምፖ»ን በኤሌክትሪክ ባስና በኪቦርድ ሲያወጣ ሸክላውን ገዝተው «ይሄ ካማሮን አይደለም» ብለው የመለሱ ነበሩ ይባላል። ዛሬ ያ አልበም የዘውጉ ምሰሶ ነው። ደግሞ ለንፁሕ ፍላሜንኮ ጠበቆች አንድ ጥያቄ አለን፦ ካሖን የሚባለው፣ ዛሬ ፍላሜንኮ ባለበት ሁሉ ተቀምጠውበት የሚመቱት የእንጨት ሳጥን ከየት መጣ? ከፔሩ! የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ፔሩዎች መሣሪያ ነው፤ ፓኮ ዴ ሉሲያ በ70ዎቹ መጨረሻ ነው ወደ ፍላሜንኮ ያስገባው። ማለትም «ኤል ፓቲዮ» ሲቀዳ ገና አልነበረም። የትሪያና ሜሎትሮን ከካሖኑ ቀድሞ ነው የደረሰው።

ቢሆንም ጠባቂዎቹን በነገር ወግተን ብቻ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም፤ የሚያሳስባቸው ነገር መሠረት አለው። ትሪያና የባንድ ስም ብቻ አይደለም፤ ከጓዳልኪቪር ወንዝ ማዶ ያለ የሴቪያ ሰፈር ነው፤ በስፔን ሂታኖ የሚባሉት የሮማ ቤተሰቦች ለትውልድ የኖሩበት፣ አንጥረኞቹ እየቀጠቀጡ የዘፈኑበት። ከ1950ዎቹ ጀምሮ እነዚያ ቤተሰቦች ከግቢያቸው እየተነሱ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ፤ ቦታው ሌላ ቤት ተሠራበት። ባንዱ ስሙን ሸክላ ላይ ሲያወጣ ሰፈሩ ውስጥ የቀረው ሂታኖ ጥቂት ነበር። ይህ የሦስቱ ልጆች ጥፋት አይደለም። ግን ሰፈሩ ሲፈርስ ስሙ ሲያጌጥ ስናይ ቅር ይለናል፤ «ኤል ፓቲዮ» ማለት «ግቢው» ማለት መሆኑም አይረዳም። እኛ አልበሙን የምንሰማው ይህን እያወቅን ነው፤ በበኩላችን ሐዘኑ የገባበት መሰለን እንጂ ስርቆት አልታየንም። የሚከራከረን ካለ እንስማው።

በኋላማ ትሪያናዎችም ቀለል አሉ። በ1980 የወጣው «ኡን ኤንኩዌንትሮ» ውስጥ ያለው «ቱ ፍሪያልዳድ» በሰፊው ተሰማላቸው፤ ደስ የሚል ዘፈን ነው፣ ግን ከቆጠራው ጋር የሚታገል ሰው እዚያ የለም። ከኋላቸው የመጡትም ብዙዎቹ ያችን ቁልቁለት ብቻ ይዘው ድራሙን እስከ አራት ለቀቁት። «የአንዳሉሲያ ሮክ» የሚል ታፔላ ተለጠፈለትና ታፔላው ከዘፈኑ በለጠ።

በ1983 ነሐሴ የባስክን አገር ጎርፍ መታው። ትሪያናዎች በጥቅምት ለተጎጂዎች በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ሳን ሴባስቲያን ተጫወቱ። ሔሱስ ከዚያ ሲመለስ ቡርጎስ አካባቢ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ጥቅምት 14 ነበር፣ ዕድሜው 35። ቴሌ በ90ዎቹ ስሙን ይዞ እንደገና ሞክሮ ነበር፤ እሱም በ2002 አረፈ። እኛ ያንን ዘመን ብዙም አንሰማውም።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፦ «ኤል ፓቲዮ»ን ከመጀመሪያው ጀምሩ፤ ዘፈን አታስዘልሉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይሁን። ሦስት ጊዜ ከሰማችሁት በኋላ አራተኛውን ለቴሌ ድራም ብቻ ስጡት። አብራችሁ ለመቁጠር ሞክሩና የት ላይ እንደጠፋችሁ ጻፉልን፤ እኛ እስካሁን «የአንድ ሌሊት ትዝታዎች» ላይ ሁለተኛው ደቂቃ አልፎን አያውቅም።