ልጁን ማን ይያዝላት?



ስብሰባ ተጠርታ የማታውቅ እናት በከተማችን አለች ለማለት ያስቸግራል። የተማሪ ወላጆች ስብሰባ አለ፤ የዕድር አለ፤ የሠራተኛ ማኅበር አለ፤ የቀበሌም አለ። ጥሪው ሲመጣ ግን ሰዓቱ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ሰዓት ደግሞ እናት ከሥራ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወጥ የምትጥድበት፣ ትንሹን የምታጥብበት፣ ትልቁን «የቤት ሥራህን ሠራህ ወይ?» የምትልበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ትቀራለች። በማግሥቱ «ሴቶቹማ ፍላጎት የላቸውም» ሲባል ትሰማለች። እርሷ ግን ያጣችው ፍላጎት ሳይሆን ልጅ የሚይዝላት ሰው ነው።

ለዛሬ ይህን ጉዳይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕዝብ ነቅሎ በመውጣቱ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሣ አንድ የሩቅ አገር ምርጫ ይህንኑ የእኛን ቤት ጥያቄ በትልቁ ስላሳየን ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም.፣ እኛ ሁለት ሺኛውን ዓመት በተቀበልንበት ዘመን፣ በአሜሪካ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ዕጩ ለመምረጥ ያካሄደው ውድድር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ አሠራሩን እንመልከት። በአሜሪካ ታላላቆቹ ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚሾሙት በታላላቅ ሰዎች ስብሰባ ብቻ አይደለም። በየክፍለ ግዛቱ ያለው ደጋፊ አስቀድሞ ይመርጣል፤ በተገኘው ውጤት መሠረትም ወደ ፓርቲው ጠቅላላ ጉባኤ የሚሄዱት ተወካዮች ለተወዳዳሪዎቹ ይደለደላሉ። ምርጫው የሚካሄደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፕራይመሪ የሚባለው ሲሆን፣ መራጩ ከጠዋት እስከ ምሽት በተመቸው ሰዓት ሄዶ በምሥጢር ድምፁን ሰጥቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ኮከስ ይባላል። ይህ ስብሰባ ነው። ሰዓቱ አንድ ነው፤ በዚያ ሰዓት ያልተገኘ ሰው አልመረጠም ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ለመጨረሻው ፍልሚያ የቀሩት ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ወይዘሮ ሂላሪ ክሊንተንና አቶ ባራክ ኦባማ ነበሩ። አንዷ ሴት፣ አንዱ ደግሞ አባቱ ከጎረቤታችን ከኬንያ የሆነ ጥቁር ሰው። ከዚያ በፊት ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች አንዱም ሴት ወይም ጥቁር ለፕሬዚዳንትነት አቅርቦ አያውቅም ነበርና፣ ማንም ቢያሸንፍ አዲስ ታሪክ እንደሚሆን ሕዝቡ ዐወቀ። ዐውቆም ተነሣ።

የመጀመሪያው ምርጫ የአዮዋ ኮከስ ነበር። ቀኑ ጃንዋሪ 3፣ ለእኛ ገና አራት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ የክረምት ብርድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሰዉ ወደየትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወደየቤተ መጻሕፍቱና ወደየቤተ ክርስቲያኑ ጎረፈ። ከአራት ዓመት በፊት ወደ 1 መቶ 25 ሺህ የሚጠጋ ዴሞክራት የተገኘበት ስብሰባ በዚያ ምሽት 2 መቶ 39 ሺህ ያህል ሰው አስተናገደ። ከመጡትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ነበሩ። አቶ ኦባማ ከመቶ 38 ያህል አግኝተው አንደኛ ወጡ፤ ወይዘሮ ክሊንተን ሦስተኛ ሆኑ። ከአምስት ቀን በኋላ በኒው ሃምሻየር ፕራይመሪ ደግሞ ሴቶች በብዛት ወይዘሮ ክሊንተንን መርጠው አሸናፊ አደረጓቸው። በደቡብ ካሮላይና በ2004 ወደ 2 መቶ 90 ሺህ የነበረው መራጭ 5 መቶ 30 ሺህ ገደማ ደረሰ፤ ከአሥሩ መራጭ ስድስቱ ያህል ሴቶች ነበሩ። ውድድሩ በጁን ወር መጀመሪያ ሲያበቃ በጠቅላላው ከ35 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን ሰጥቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ያወጣው የልብ መነሣሣት መሆኑ አይካድም። ሰው ዋጋ አለው ብሎ ላመነበት ነገር ብርድና ሰልፍ አይበግረውም። ነገር ግን የተቆጠረው የመጣው ሰው ነው። ልቧ ተነሥቶ እግሯ ያልተነሣላትን ማን ቆጠራት?

እስቲ የአዮዋን ምሽት በአንዲት እናት ዓይን እንየው። በዚያን ጊዜ በዴሞክራቶቹ ኮከስ የድምፅ መስጫ ወረቀት አልነበረም። ሰው የሚደግፈውን ዕጩ በሚወክለው የአዳራሹ ማዕዘን ሄዶ ይቆማል፤ ራስ በራስ ይቆጠራል። በአብዛኛው ቦታ በዚያ አዳራሽ ካለው ሰው ከመቶ 15 ያልሞላ ደጋፊ ያገኘ ዕጩ ይወድቅና የእርሱ ሰዎች ወደ ሌላው እንዲሄዱ ይለመናሉ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በምትኩ ሰው መላክ የለም፤ በፖስታ መላክም አልነበረም። እንግዲህ በዚያ ምሽት ተረኛ የሆነች ነርስ፣ የምሽት ፈረቃ የገባች የምግብ ቤት አስተናጋጅ፣ ሕፃን ታቅፋ ብቻዋን የምትኖር እናት የትኛው ማዕዘን ልትቆም ኖሯል? ወይዘሮ ክሊንተንም ማታ የሚሠራ ሰው ከኮከስ እንደሚቀር እያነሡ ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ቅሬታው የተሸናፊ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የአቶ ኦባማ ወገኖችም ደንቡን ዐውቀው፣ ሰዋቸውን ቤት ለቤት ቀስቅሰው ማሸነፋቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ይሁን እንጂ የቅሬታው እውነትነት ማን አሸነፈ በሚለው አይለካም።

ሌላም ነገር አለ። በማዕዘን መቆም ማለት በሰው ፊት መምረጥ ማለት ነው። ባልና ሚስት በአንድ አዳራሽ ናቸው፤ ጎረቤት አለ፤ አለቃም ሊኖር ይችላል። ከባሏ የተለየ ማዕዘን መርጣ አዳራሹን አቋርጣ የምትሄድ ሴት ደፋር ናት። ደፋር ያልሆነችስ? የእርሷም ሐሳብ ሐሳብ ነውና በምሥጢር የምትሰጥበት መንገድ ይገባት ነበር።

ስብሰባው ወደ ሥራ ቦታ ሲመጣ

ይህ ችግር መላ የሌለው አለመሆኑን በዚያው ወር በኔቫዳ ክፍለ ግዛት አየን። ላስ ቬጋስ ሌት ተቀን የማይተኙ የሆቴልና የቁማር ቤቶች ከተማ ናት። አልጋ የምታነጥፈው፣ ሳሕን የሚያጥበው፣ ወጥ ቤት የሚሠራው ሕዝብ በፈረቃ የሚኖር ነው። ከአገራችን ሄደው በዚያ በሆቴልና በታክሲ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም። የፓርቲው ሰዎች ጃንዋሪ 19 ቀን ለሚካሄደው ኮከስ በዋናው ጎዳና ባሉት ትላልቅ ሆቴሎች ውስጥ ዘጠኝ ልዩ የስብሰባ ቦታ አዘጋጁ፤ ሠራተኛው የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ገብቶ እንዲቆጠር።

ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ይህ ለአንድ ወገን ሠራተኛ ማድላት ነው ብለው የከሰሱ ነበሩ። የሆቴል ሠራተኞቹ ማኅበር አቶ ኦባማን እደግፋለሁ ብሎ ስለነበር እነዚያ ቦታዎች ለእርሳቸው ይጠቅማሉ የሚል ሥጋት ነበረ። ዳኛው ክሱን አልተቀበሉም። ቀኑ ሲደርስ ግን ከዘጠኙ ቦታዎች በአብዛኞቹ ያሸነፉት ወይዘሮ ክሊንተን ሆኑ። ማኅበሩ በአንድ በኩል ሲቆም ብዙዎቹ ሠራተኞች በጓደኞቻቸው ፊት ወደ ሌላው ማዕዘን ተሻግረው ቆሙ። ሠራተኛ ሴት ዕድል ሲሰጣት ማንም በስሟ እንዲናገር እንደማትጠብቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ሰዓት ራሱ ድምፅ መሆኑን ያሳየ ሌላም ቀን ነበረ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን በዋሽንግተን ከተማ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፕራይመሪ ተካሄደ። ይህ አካባቢ በአሜሪካ ኢትዮጵያውያን በብዛት ተሰባስበው የሚገኙበት ነው፤ ብዙ እኅቶቻችን በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በሱቅ በፈረቃ ይሠራሉ። በዚያ ምሽት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ መንገዱን መስተዋት አስመሰለው። የሜሪላንድ ምርጫ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሊዘጋ ሲል ፍርድ ቤት እስከ 3 ሰዓት ተኩል እንዲቆይ አዘዘ። አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ከሥራ ወጥታ፣ ልጇን ከሞግዚት ተቀብላ፣ በሚያንሸራትተው መንገድ በቀስታ ለምትመጣ እናት በመምረጥና ባለመምረጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያስተምረን ግን በምዕራብ ዳርቻ ያለው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ነው። በ2008 በአሥር ቀን ልዩነት ሁለቱንም ዓይነት ምርጫ አካሂዷል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን በተደረገው ኮከስ 2 መቶ 50 ሺህ ያህል ዴሞክራት መጣ፤ እንደ ኮከስ ብዙ ነው ተባለ። ፌብሩዋሪ 19 ቀን በፕራይመሪው ግን ወደ 6 መቶ 90 ሺህ የሚጠጋ ሰው ለፓርቲው ዕጩዎች ድምፅ ሰጠ። የሚገርመው የዚህ የሁለተኛው ውጤት ለተወካዮች ድልድል የማይቆጠር መሆኑ ነው፤ ተወካዮቹ የተደለደሉት በኮከሱ ነው። በኮከሱ አቶ ኦባማ ከመቶ 68 ያህል ሲያገኙ በፕራይመሪው ከመቶ 51 አገኙ። በሁለቱም አሸንፈዋል፤ የልዩነቱ መጥበብ ግን ከስብሰባው ቀርተው የነበሩት ሰዎች ሐሳባቸው ሌላ እንደነበረ ያመለክታል።

ክፍለ ግዛቱ ለ2020 ምርጫ ዴሞክራቶቹ ኮከሱን ትተው ወረቀቱ በፖስታ በየቤቱ በሚደርስበት ፕራይመሪ ተጠቀሙ። ድምፅ የሰጠው ከ1 ሚሊዮን 5 መቶ ሺህ በላይ ሆነ። በእርግጥ በዚያ ዘመን ውስጥ ሕዝቡም ጨምሯል። ቢሆንም 2 መቶ 50 ሺህ ወደ 1 ሚሊዮን ተኩል ያደገው ሰዉ በድንገት ፖለቲካ ስለወደደ ብቻ አይደለም። እናት ልጇን ካስተኛች በኋላ በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ መምረጥ ስለቻለች ነው። ሚኒሶታና ኮሎራዶም በተመሳሳይ ዓመት በፕራይመሪ ሲጠቀሙ፣ ኔቫዳም በኋላ ኮከሱን በሕግ ትታለች።

ከዚህ ሁሉ በፊት በ1972 ወይዘሮ ሸርሊ ቺዝም የሚባሉ ጥቁር ሴት ለዚያው ፓርቲ ዕጩነት ተወዳድረው ነበር። የምክር ቤት አባል ከመሆናቸው በፊት ሥራቸው የሕፃናት ማቆያ ማስተዳደር ነበር። በምክር ቤትም ሳሉ ለሠራተኛ እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲስፋፋ ተሟግተዋል። አላሸነፉም፤ ነገር ግን የልጅ ጥበቃና የፖለቲካ ተሳትፎ የተለያዩ ጉዳዮች አለመሆናቸውን ከማንም በፊት የተረዱ ይመስለናል። ወይዘሮ ክሊንተንም በ2008 ተሸንፈው፣ በ2016 በታላቅ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት የታጩ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቅተዋል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ስብሰባ የምትጠሩ የትምህርት ቤት፣ የዕድርና የማኅበር ሰዎች፣ «ሴቶች አልመጡም» ከማለታችሁ በፊት የጠራችሁበትን ሰዓት ተመልከቱ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ስንት እናት ትመጣለች? በአዳራሹ አንድ ጥግ ምንጣፍ አንጥፎ ልጆቹን ለአንዲት ልጃገረድ መስጠት ምን ያህል ወጪ ያስወጣል? ሐሳቧን በወረቀት ጽፋ ለምትልክስ ቦታ አላችሁ? አባቶችም አንድ ምሽት ወጡን አማስሉ፤ ልጁንም እቀፉ። ወጡ ቢያር የአንድ ቀን እራት ነው፤ እናት ያልተገኘችበት ውሳኔ ግን ዓመቱን ሙሉ በልጆቿ ላይ ይሠራል።

እናንተም እኅቶቻችን፣ ሰዓቱ የማይመች ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። «በዚህ ሰዓት አልችልም፣ በዚህ ሰዓት ግን እችላለሁ» ብላችሁ አስታውቁ። ጎረቤታሞች ከሆናችሁ በየተራ ልጅ ያዙ፤ ዛሬ አንዷ ትሂድ፣ ነገ ሌላዋ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ!

ሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ ቤታችሁ በሰላም ይክረም።