ከመቶኛው በፊት ጽሑፉ ይነበብ
ግልጽ ደብዳቤ ለድኅረ ምረቃ አማካሪዎችና ፈታኞች



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲደርስ ብዙ ተመራቂ የሚጨነቀው ለግኝቱ ሳይሆን ቱርኒቲን የተባለው የጽሑፍ መመሳሰል መመርመሪያ ሶፍትዌር ለሚያወጣው መቶኛ ነው። ቁጥሩ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ከሆነ ምንጩን ከመጥቀስ ይልቅ ሶፍትዌሩ ቀለም የቀባውን ዓረፍተ ነገር ይዞ ቃላት ይለዋውጣል። «ጨመረ» የነበረው «አሻቀበ»፣ «ምክንያት» የነበረው «መንስኤ» ይሆናል። ቁጥሩ ይወርዳል፤ አማካሪውም ይፈርማል። የሐሳቡ ባለቤት ስም ግን አሁንም የለም።

መቅረት ያለበት ይህ አሠራር ነው።

ሶፍትዌሩን የሚያቀርበው ኩባንያ ራሱ ቁጥሩ መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን እንደማያሳይ ይናገራል። በትእምርተ ጥቅስ የገባ፣ ምንጩም በሥርዓት የተጠቀሰ አንቀጽ መቶኛውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ያለ ምንጭ የገባ ገጽ ደግሞ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

ቃላት መለዋወጡ የት እንደሚያደርስ ተመራማሪዎቹ ጊዮም ካባናክ፣ ሲሪል ላቤና አሌክሳንደር ማጋዚኖቭ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳይተዋል። በታተሙ የሳይንስ መጣጥፎች ውስጥ የታወቁ ሙያዊ ቃላት ተበላሽተው አገኙ። ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» መባል የነበረበት «ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና»፣ የሲግናልና የኖይዝ ምጣኔም «ባንዲራ ለሁካታ» ተብሎ ነበር። ይህ ሁሉ በገምጋሚና በአርታኢ እጅ አልፎ ነው ለኅትመት የበቃው።

በጥንቃቄ ማንበብ ግን የተሰወረውን ያወጣል። የቀድሞው የጀርመን መከላከያ ሚኒስትር የካርል-ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ የዶክትሬት ጽሑፍ በባይሮይት ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛውን ማዕረግ አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ጉዱን ያወጡት የብሬመን የሕግ ፕሮፌሰሩ አንድሪያስ ፊሸር-ሌስካኖ ናቸው፤ ሒስ ሊጽፉበት ሲያነቡት ከሌሎች ጽሑፎች የተገለበጡ አንቀጾች አገኙበት። ዩኒቨርሲቲው ዲግሪውን ነጠቀ፤ ሚኒስትሩም ማርች 1 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

የአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሌላውን ሥራ የሚጠቅስ ሰው ምንጩንና የደራሲውን ስም እንዲያመለክት ያዛል። ቃል ቀይሮ ስም መሰወር ይህን ግዴታ አያሟላም።

ስለዚህ አማካሪዎች ከመፈረማቸው በፊት ከዋቢ ዝርዝሩ ጥቂት ምንጮች መርጠው ተማሪው እያንዳንዱን ከፍቶ ገጹን እንዲያሳያቸው ይጠይቁ። ፈታኞችም ከመቶኛው አልፈው ቀለም የተቀባውን ዓረፍተ ነገር ያንብቡ። ዲኖች ደግሞ ለአንድ መምህር የሚሰጡትን የተማሪ ብዛት ይቀንሱ፤ ጽሑፉን የሚያነብበትንም ሰዓት በሥራ ጫናው ውስጥ ይቁጠሩለት።